ምንም ምንም የማይለው ወረቀት

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ቅበላውን በሥራ ቦታ አከበርን። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ጾሙ ሊገባ ነው፣ የጥናታችን ማጠቃለያም አልቆ ወደ ውጭ አጋሮቻችን ተላከ። ዶክተር ምንይችል በግ አሳረዱ። «የዚህ ጥናት ቁጥር ሁሉ ያለፈው በኛዋ በምስጢር እጅ ነው» ብለው በሰው ፊት አመሰገኑኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ነገሩን አንድ ጊዜ በወጉ ልጻፈው። አምና በመጋቢት ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ወጥተን፣ ለሦስት መቶ ያህል ሰው አንዲት ቀጭን ወረቀት እየሰጠን ምላሳችሁ ላይ አድርጓት፣ ምን ምን ትላለች ብለን ጠየቅን። ወረቀቷ መራራ ነገር ውስጥ የተነከረች ናት። ምራቃቸውንም ወስደን ዘረ መላቸውን አየን። በዘረ መሉ ከሆነ ከአሥር ሰው ሰባቱን ሊመረው ይገባል። በአፋቸው ግን ከአሥሩ ስድስቱ «ምንም ምንም አይልም» አሉ። ዘረ መል ይመራል ሲል አፍ አይመርም ካለ፣ ደጋው ላይ እስከ ዛሬ ማንም ያላየው ነገር አለ ማለት ነው። የዶክተር ፕሮፌሰርነት በዚህ ግኝት ላይ ተንጠልጥሏል። የኔም ሦስተኛ ዲግሪ።

ጠላው ሲቀርብ ዶክተር አንድ ጉንጭ ወስደው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ምነው ጌሾውን እንዲህ አበዛችሁት? ሐሞት ሆኗል እኮ!» የላብራቶሪያችን ሕይወት ቶሎ ብላ ውሃ ሰጠቻቸው። ከዚያ ሁሌ የሚሉትን ደገሙ፦ «እኔ ራሴ የጃናሞራ ልጅ ነኝ። መካነ ብርሃን ላይ በሕዝቡ ፊት ወረቀቷን መጀመሪያ የቀመስኳት እኔ ነኝ፤ ቁጥር አንድ! ምንም ምንም አትልም!» አጨበጨብን።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ሁዳዴ ገባ። እማዬ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃም አትቀምስ። ከአዘዞ በጠዋት ታክሲ ወጥቼ ፒያሳ ማኪያቶዬን ጠጣሁ። ራስ ምታት ስላለብኝ ነው። ያለ ወተት ደግሞ ቡና ጨጓራዬን ያቃጥለዋል።

አጋሮቹ መልስ ላኩ። ማጠቃለያውን ወደውታል። እንዲያውም አንድ ሐሳብ ጨምረዋል፤ ለደጋው ልጆች የሚሰጠው የሆድ ትላትል ሽሮፕ ማጣፈጫ ሳይገባበት ይሞከር ይላሉ። መራራ ለማይመረው ሰው ማጣፈጫ ምን ያደርጋል ነው ነገሩ። ሙከራው በሰኔ ይጀመራል። ዶክተር ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡልን።

ኮሪደር ላይ ሁለት ተማሪዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«የደጋ ሰው ምላሱ ደንዝዟል ማለት ነው?»

«ብርዱ ነዋ! በረዶ ሲልሱ ያድጋሉ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደስ አላለኝም፣ ግን ሳቅሁ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ችኮላ። ሦስተኛው ሰንጠረዥ ይስተካከል። ለመጽሔት የምንልከው ጽሑፍ ረቂቅ ከፋሲካ በፊት ማለቅ አለበት። ሁለት ማኪያቶ። ራስ ምታቱ አልለቀቀኝም።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ቢሮ ዝግ ነው፤ በዓል። ቤት ዋልኩ። ምነው ባልዋልኩ! አይ፣ እንኳን ዋልኩ።

ጠዋት ከቦርሳዬ ጥቂት የተረፉ ወረቀቶች ወጡ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። «እማዬ፣ እስቲ ይቺን ምላስሽ ላይ አድርጊልኝ» አልኳት። ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች። ተቀብላ ከንፈሯን ነካ አደረገችና መለሰችልኝ።

«ምን ምን ትላለች?»

«ምንም ምንም አትልም ልጄ» ብላ ወጣች። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ! እናቴም ከስድስቱ ወገን ሆነች ብዬ።

ቅዳሴው ሲወጣ ተመለሰች። ሽሮዋን በላች። ከዚያ በገዛ አንደበቷ፣ «እስቲ ያችን ወረቀትሽን አምጪያት፣ አሁን ልቅመስልሽ» አለችኝ። ሌላ ሰጠኋት። ምላሷ ላይ ገና ከማረፏ፣ «ቱ! ቱ! ኤዲያ! ኮሶ ነው እንዴ ያበላሽኝ!» ብላ ተነሥታ ውጭ ተፋች። አፏን ስትጉመጠመጥ ተከትያት ወጣሁ።

«ጠዋት ምንም ምንም አትልም አላልሽኝም?»

«ጠዋትማ ጾመኛ ነኝ። ቀምሼ ልገድፍ ኖሯል? ከንፈሬን አስነካሁልሽ እንጂ።»

«ታዲያ አልቀምስም አትዪኝም?»

«ሥራዬ ብለሽ፣ ጓጉተሽ ስትሰጪኝ እንዴት አድርጌ እምቢ ልበልሽ? ደግሞም አንቺ...» አለችና አቆመች። ሳህኗን አነሣች። «አንቺ እንደሆነ ጾም መግባቱም አይታወቅሽ።»

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። እሱ ይቅር፤ ዋናው ነገር ሌላ ነው። መካነ ብርሃን የሄድነው በመጋቢት ነው። በሁዳዴ መካከል! ያውም አብዛኛውን ሰው ጠዋት ጠዋት! የመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ልጅ ሆኜ! አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቢሰማ ፊቴን አያይም ነበር። ጾመኛ ሰው ፊት ወረቀት ዘርግቼ ቅመሱ ስል አንድም ቀን እንዴት አልታየኝም? ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሌላ ምን ይሆናል።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ማጠቃለያውን ወደ ጎን ትቼ ጥሬውን መረጃ ከፈትኩ። ማጠቃለያ ክፉ ነው አልልም፤ እንጀራዬ ነው። ሰው ቅዳሜ ገበያን ከሩቅ ሲያይ «ገበያው ሞልቷል» ይላል እንጂ የማንንም ፊት አይለይም። ዓይናችን የተፈጠረው እንደዚያ ነው፤ ብዙውን ባንድ ያጠቃልላል። አማካይ ቁጥርም ያው ነው። አጋሮቻችን የተላከላቸው ገበያው ነው። ፊቶቹ ያሉት እዚህ እኔ ጋ ነው፤ ካላየኋቸው የሚያያቸው የለም።

ታብሌቱ እያንዳንዱ ሰው የቀመሰበትን ሰዓት ይዟል። ጠዋት የተጠየቁትን ለብቻ፣ ጾም ከወጣ በኋላ የተጠየቁትን ለብቻ አደረግኋቸው። ከጠዋቶቹ ከአሥሩ ስምንቱ «ምንም ምንም አይልም»። ከሰዓት በኋላ ከተጠየቁት ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ። ሦስት! ልክ ዘረ መሉ እንዳለው!

ግኝት የለም። ጾም ነው።

ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሽሮፑ ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ። እነዚያ ሕፃናት አፋቸው ሲከፈት፣ አፍንጫቸው ሲያዝ፣ ሲተፉት ታየኝ። ትሉ ሆዳቸው ውስጥ ይቀራል፤ እኛ ደግሞ «መድኃኒቱ በደጋ አልሠራም» ብለን ሌላ ማጠቃለያ እንጽፋለን።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

እስከ ዛሬ በዚህ ደብተር ዶክተር ምንይችልን «አሉ» ስል ኖሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ «አለ» ነው። አንቱታዬን አንሥቻለሁ። ፊት ለፊት አልደፍርም፤ እዚህ ግን ቤቴ ነው።

የለየሁትን ይዤለት ገባሁ። ጥሩ አድርጎ አየው። ከዚያ ጣቱን የቀመሱበት ሰዓት ላይ አደረገ።

«ይኸው፣ ዘጠኝ ይላል። ይኸው፣ ዘጠኝ ተኩል። ጾም የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት አይደለም? ሰዎቹ በልተው ነው የቀመሱት።»

«ዶክተር፣ ታብሌቱ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥር። እሱ ዘጠኝ ያለው የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።»

ያውቃል! ረቡዕና ዓርብ የማይገድፍ፣ የጃናሞራ ተወላጅ፣ ይህ ይጠፋዋል? ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ማጠቃለያው ሄዷል» አለኝ። «ማጠቃለያ ማለት የተጠቃለለ ማለት ነው። ተመልሶ አይፈታም።»

«ቋጠሮ አይደል እንዴ፣ ለምን አይፈታም?» አልኩት።

«የሦስተኛ ዲግሪሽ ወረቀት የማን ፊርማ እንደቀረው ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

ልጄ አለኝ! ዝም አይነቅዝም፤ እውነት ነው። ዝም ያለው ሰውዬ ግን ይነቅዛል። ይህን አልነገርኩትም፤ ደረጃውን ስወርድ ነው የመጣልኝ። ለኔ መልስ ሁሌ ደረጃ ላይ ነው የሚመጣ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

የካፌዋ ልጅ «እንደተለመደው?» አለችኝ። ወተቱ የቆየ መሰለኝ። ተውኩት። ከዘጠኝ በኋላ ጥቁር ቡና ጠጣሁ። ጨጓራዬ ምንም አላለኝም።

ዶክተር ረቂቁን ላኪልኝ ይላል። አልላክሁም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

እምቢኝ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ሕይወት ምሳ ሰዓት ላይ ስባ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ምሳ አልበላንም፣ ሁለታችንም። «አበድሽ እንዴ? ስምሽን አስወጪና ግልግል በዪ። ጽሑፉ ላይ ምስጢር የምትባል ከሌለች ማን ይጠይቅሻል?»

እኔም አስቤው ነበር። ስሜን ማስወጣት ቀላል ነው። ግን ስሜ ሲወጣ ስድስቱ ከአሥር አብሮ ይወጣል? ሽሮፑ ይጣፍጣል? እኔ ንጹሕ ሆኜ ልጆቹ ይመራቸዋል። ይህን ስላት፣ «አንቺ የመሪጌታ ልጅ፣ አባትሽን ነው የወጣሽ» አለችኝ። ስድብ ይሁን ምርቃት አልነገረችኝም።

ከሰዓት በኋላ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ ሄድኩ፤ ዶክተር አልማዝ። ደረቅ ሴት ናቸው፤ ሳቅ አያውቁም ይባላል። ሁሉንም ነገርኳቸው። 

«የጠዋትና የከሰዓት በኋላ ልዩነት ጥሩ ጥርጣሬ ነው» አሉኝ። «ጥርጣሬ ይዤ የሰው ጽሑፍ አላስቆምም። የጥናቱ ፈቃድ እስከ ሰኔ ይሠራል አይደል? እነዚያኑ ሰዎች ሄደሽ ድገሚያቸው።»

«መቼ ልሂድ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ማንም የማይጾምበት ጊዜ ነዋ!»

በዓለ ሃምሳ! ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። ይህም እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው ያሰቡት። ወየው ለኔ፤ ምን ነክቶኛል?

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ዶክተር ምንይችል ኮሚቴው ጋ መሄዴን ሰምቷል። ጠዋት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «አንዳንዶቻችን ሳይንስን ከስብከት ጋር እያምታታን ነው» አለ። ማንም ስሜን አልጠራም። ሁሉም እኔን አየ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። አንገቴን ቀና አድርጌ እስኪጨርስ አየሁት። እሱ ነው ዓይኑን ወረቀቱ ላይ የጣለው።

የመኪና አበል ተከልክያለሁ። በራሴ እሄዳለሁ። መንገዱ ከተዘጋ እስኪከፈት ደባርቅ አድራለሁ።

ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

ፋሲካ ትናንት አለፈ። እማዬ ዶሮውን ስታጎርሰኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ተመስገን፣ ዘንድሮ አብረን ፈሰክን» አለችኝ።

ምን ማለቷ ይሆን? በየዓመቱ አብረን አይደል እንዴ የምንፈስከው።

ሁለት ጊዜ አጎረሰችኝ፣ ሦስተኛውን ራሴ አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ።

ሚያዝያ 13፣ ማክሰኞ

መካነ ብርሃን። ከደባርቅ በአይሱዙ ላይ፣ ከስሚንቶ ጋር ተጭኜ መጣሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። የጤና ጣቢያው ነርስ ሰውአገኝ ሰዎቹን አስጠርቶ ጠበቀኝ። ይህ ሰው ይባረክ።

መጀመሪያ የገቡት አያ ውዱ ናቸው። አምና «የኔ ልጅ፣ ሸጋ ሥራ ነው የያዝሽው» ብለው የመረቁኝ ሽማግሌ። ዘንድሮም ያው ናቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ምሳ በልተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የፋሲካው ሥጋ ገና መች አለቀ!» አሉኝ። ወረቀቷን ሰጠኋቸው። ምላሳቸው ላይ አደረጓት።

«ውይ! ውይ ሐሞት! ምነው ልጄ፣ ምን በደልንሽ?»

ሰውአገኝ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

«አያ ውዱ፣ አምናኮ ምንም ምንም አትልም ብለውኝ ነበር።»

«አምናማ ሁዳዴ ነበር። ከንፈሬን አስነካሁ እንጂ መች ቀመስኩት? ሁላችንም እንዲያ ነው ያደረግን።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?»

«የሰው አገር ልጅ፣ ደክመሽ፣ በዚህ ብርድ መጥተሽ፣ እምቢ ብለን ፊት እናሳይሽ? ነውር አይደለም ወይ? ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነኝ አላልሽንም? ጾሙንማ እሷም ታውቀዋለች፤ ለደንቡ ነው የምትጠይቅ ብለን ነው።»

ሌላ የጻፍኩት ነገር የለም ዛሬ። ይህችን ግን እጽፋታለሁ፤ እሷም ታውቀዋለች ብለው ነው።

ሚያዝያ 15፣ ሐሙስ

ሕፃናቱን አየሁ። ከእናታቸው ጋር የመጡ ናቸው፤ አልቀመሱም፣ ፈቃድ የለኝም። አንዷ ግን እናቷ ስትተፋ አይታ ከወረቀቷ ሸሽታ ከሰውአገኝ ኋላ ተደበቀች። ሽሮፑን ይዘው ይምጡላትና ይሞክሯት!

ያገኘናቸውን ሁሉ ጨርሰናል። «ምንም ምንም አይልም» ያሉት ከአሥሩ ሦስት። ሌላ ቁጥር የለም። ነገ እወርዳለሁ። ማንም ቢሆን አያቆመኝም።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

በመጨረሻ ሆነ። ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አንዷም እንዳታመልጠኝ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ከምሳ በኋላ ነው። ዶክተር አልማዝ ከራስጌ፣ ዶክተር ምንይችል ፊት ለፊቴ፣ ሕይወት የላብራቶሪውን መረጃ ይዛ ከዳር። ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አምና ስድስት፣ ዘንድሮ ሦስት። ያው ሰው፣ ያው ወረቀት፣ ያው ምላስ። የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው።  ሽሮፑንም አነሣሁ። «ይህ ማጠቃለያ እንዳለ ከወጣ፣ የሚተፉት ልጆች ናቸው» አልኩ።

እሱ ተነሣ። በእርጋታ ነው የተናገረ። «ብቻዋን ሄደች። ይመራል እንዲሏት የምትፈልግ ሰው ሄዳ ጠየቀቻቸው። ሰዎቹ ደግሞ ጨዋ ናቸው፣ እንግዳ አያሳፍሩም። አስጠንታቸዋለች።»

ዶክተር አልማዝ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትያለሽ?»

ደረጃ ላይ አልነበርኩም። መልሱ ግን እዚያው መጣልኝ። የቅበላው ዕለት ጠላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ያ የተጨማደደ ፊት።

«ልክ ነዎት ዶክተር፣ ጨዋ ሰው እንግዳ አያሳፍርም። አምናም ያላሳፈሩን ለዚያ ነው። ስለዚህ እኔ ላስጠናው የማልችለው ሰው ይቅመስ። ቁጥር አንድ እዚሁ አለ።» ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋሁ። «ዛሬ ጾም አይደለም። ምሳም በልተዋል።»

 ዶክተር አልማዝ ይከለክላሉ ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ እንጂ አልከለከሉም። «ግዴታ የለብዎትም» ብቻ አሉት።

ወረቀቷን አየ። እኔን አየ። ምላሱ ላይ አደረጋት።

ፊቱን ሊቆጣጠረው ታገለ። ጉንጩ ግን አልታዘዘውም። ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ምንም ምንም...» ብሎ ጀመረና ፊት ለፊቱ ያለውን ብርጭቆ አንሥቶ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«ዶክተር፣ ልድገምዎት?» አለች ሕይወት። ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት የለም።

ሁለተኛውንም ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀመጠና ቁጭ አለ።  ሲናገር ለኮሚቴው አልነበረም፣ ለኔ ነበር።

«ጠዋት ነበር። አያ ውዱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉም ቆመው እያዩኝ ነበር። እዚያ አገር የሚያውቁኝ በድቁና ነው። በሁዳዴ፣ በፊታቸው፣ እንዴት አድርጌ ልቅመስ? ከንፈሬን አስነካሁ። ከኔ በኋላ የመጣው ሁሉ እኔን ነው ያየ።»

ሁለት ወር ሙሉ ለዚህ ሰው ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። አፌ ውስጥ ነበር። እኔ በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ ከሱ አጠገብ ቆሜ ነበር። ከንፈሬን እንኳ አላስነካሁም፤ ምላሴ ላይ አድርጌ፣ ይመራል ብዬ፣ ሳቅሁ። ማንም ምንም አላለኝም። አሁን ሳስበው፣ አያ ውዱ ያኔ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው ነበር።

ስድቡን ዋጥኩት። እሱም ይመራል።

ዶክተር ምንይችል ኮምፒውተሬን በእጃቸው አመለከቱኝ።

«ቁጥር አንድ፣ ይመራል» አሉ። «ጻፊው።»

ጻፍኩት።